የተገለበጠ ዱካ

እስቲ ይህን ፎቶ ተመልከቱ። ስልካችሁ ላይ ደርሷችሁ ይሆናል፤ መርካቶ ውስጥ ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከኋላ አረንጓዴ ተራራ፣ ከተራራው ሥር ጠመዝማዛ ወንዝ፣ በየሜዳው የድንጋይ ካብ፣ በካቡ መሃል በጎች። ከፊት ሻርፕ የተከናነቡ ጠና ያሉ ሴት ዝቅ ያለች የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። «እናቴ እረፍት ላይ» ይላል ከስሩ። አስተያየቱም ተደርድሯል፤ «ጀነት!» «ታድለው!» «ልጅ ማለት እንዲህ ነው!»

ውሸት ነው። ተራራውም ወንዙም እውነት ነው፤ የዋሸው ጽሑፉ ነው። ከሴትየዋ ጎን ያለችው ጠረጴዛ ላይ እንቁላል መደርደሩን ያየ ሰው የለም። ሁሉም ተራራውን አይቶ አለፈ።

ሴትየዋ እትዬ ምስራ ናቸው። በርበሬ ተራ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይሸጣሉ። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም ሱቃቸው ውስጥ ነው ያረጁት። አጠገባቸው ፋንታዬ አለች፣ የጎጃሟ፣ በርበሬ ሻጯ። በሁለቱ መሃል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች፤ በርበሬው ደግሞ አያስቀምጥምና ቀኑን ሙሉ ይማርሽ ሲባባሉ ይውላሉ።

እትዬ ምስራ ለሶላት ሲነሱ በር አይዘጉም። ዱካቸውን ገልብጠው ደጃፉ ላይ ያስቀምጡታል። እግሩ ወደ ሰማይ የቆመ ዱካ በእነሱ መስመር ንግግር ነው፤ «መጣሁ፣ እስከዚያ አደራ» ማለት ነው። ፋንታዬ ትሸጥላቸዋለች። ፋንታዬ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትሄድ ደግሞ የእሷ ዱካ ይገለበጣል፣ እትዬ ምስራም በርበሬ ይመዝናሉ። የተገለበጠ ዱካ አይቶ እንዳላየ ያለፈ ሰው እዚያ መስመር ላይ ሰላምታ አያገኝም።

ልጃቸው አብራር የሚኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። «እማ፣ ለጥየቃ ነይ» ብሎ አስመጣቸው። ከመጡ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆነ። እዚሁ ይቅሩ፤ ሱቋን ለአጎቱ ልጅ ለሳዳም ይልቀቁለት አለ። «ስንት ዘመን በርበሬ እየታጠንሽ!» ይላቸዋል። እሳቸው «እስቲ» ይላሉ። «እስቲ» እሺም እንቢም አይደለም። ሳዳም ግን ቸኩሏል፤ ቁልፉን ከፋንታዬ ልቀበል ወይ እያለ በየቀኑ ይደውላል። አብራር አንድ ቅዳሜ መላ መጣለት። አገሩን አይተው ልባቸው ይርጋ ብሎ፣ ማታ ለሳዳም እሺታቸውን ሊነግር ቀጥሮ፣ በመኪና ከከተማው ውጭ ወዳለ ሸለቆ ይዟቸው ወጣ።

መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ሸለቆው ወለል ሲል አብራር ፍጥነቱን ቀንሶ የእናቱን ፊት አየ።

«እህ? እንዴት ነው?»

«ሱብሃነላህ!» አሉ። ከልባቸው ነው። ወንዙ የሻይ ቀለም ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ይወርዳል። ካቡ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ ዳገቱን ወጥቶ ወዲያ ማዶ ይሰወራል። ዝናቡ ያካፋል፣ ያባራል፣ ደግሞ ያካፋል። ወዲያው ጥያቄው ተከተለ።

«ሰዉ የት ሄደ?»

«የቱ ሰው?»

«የዚህ ሁሉ አገር ሰው ነዋ! በጉን ማን ይጠብቃል? ያ ጀርባው ሰማያዊ የተቀባውስ፣ ተሽጧል?»

«ምልክት ነው እማ። ባለቤቱ እንዲለየው።»

«ባለቤቱስ የታለ?»

«ቤቱ ነዋ።»

«ቤቱስ?»

አብራር ጣቱን ወደ ተራራው ጥግ ቀሰረ። አንድ ግራጫ ቤት ነበረ። ሌላ የለም።

ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ተነሱ። ከፔርሙስ ሻይ ቀዳላቸው። ቆመው ጠጡት። ወደ ውሃው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ሻርፓቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ።

«ቁጭ በይ እንጂ እማ! ለእረፍት እኮ ነው የመጣነው!»

«ምን ሠርቼ ነው የማርፈው?»

አብራር አልሰማም፤ አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ ኔትወርክ ይፈልጋል። አብራርን ብቻ አንውቀስ። እናት የሚያደክማት ሥራ ብቻ የሚመስለን ሁላችንም ነን። ከሰዎቿ፣ ከጎረቤቷ፣ ከጠዋት ጫጫታዋ ነቅለን ሶፋ ላይ እናስቀምጣታለን፤ ከዚያ «አረፈች» ብለን እኛ እናርፋለን። ባዶ ቀን ምን ያህል እንደሚከብድ የጠየቃት ማን ነው?

እትዬ ምስራ «እግሬን ላፍታታ» ብለው በካቡ ጥግ ጥግ ሄዱ። ከግራጫው ቤት በር ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ጠረጴዛዋ ላይ በካርቶን የተደረደረ እንቁላል፣ በጠርሙስ ማርማላታ፣ ገንዘብ መክተቻ ቀዳዳ ያለው ጣሳ። ሻጭ የለም። ከጠረጴዛዋ ሥር ግን የእንጨት ዱካ፣ እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ተገልብጧል።

እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ማንበብ የቻሉት ጽሑፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ግራ ቀኝ አዩ። ከእሳቸው በቀር ጎረቤት የሚባል ነገር የለም። አደራው የወደቀው እሳቸው ላይ ነው። ዱካውን አቃንተው በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉትና ተቀመጡ። ከመጡ ወዲህ ወገባቸው ዘና ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዱላ ይዘው የሚራመዱ ባልና ሚስት መጡ። ሴትየዋ አንድ ካርቶን አነሳች፣ ሰውየው ሳንቲሙን ጣሳው ውስጥ ጣለ።

«ቆይ ቆይ!» አሉ እትዬ ምስራ በአማርኛ። ካርቶኑን ተቀብለው እንቁላሉን አንድ በአንድ ጆሯቸው ሥር ነቀነቁ፣ የተሰነጠቀውን ለወጡ፣ ከሌላው ካርቶን አንዲት አንስተው በሴትየዋ መዳፍ ላይ አኖሩ። ምራቂ መሆኑ ነው። ሴትየዋ ሳቀች። ሰውየው ባርኔጣውን ከፍ አደረገላቸው።

አብራር እያለከለከ ደረሰ።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሱቅ እየጠበቅሁ።»

«የማንን ሱቅ?»

«እኔ ምን አውቄ! ባለቤቷ ገልብጣ ሄዳለች።»

«ኧረ በአላህ! መቀመጫው ዝናብ እንዳይመታው ነው የተገለበጠው! እዚህ ጠባቂ የለም፤ ሰው ራሱ ያነሳል፣ ራሱ ይከፍላል።»

«ምራቂውንስ? እሱንም ራሱ ያነሳል?»

«በሰው እንቁላል መረቅሽ እንዴ?»

«ታዲያ ቆንቋና ናት ተብሎ ስሟ ይጥፋ?»

አብራር ሳቁ አመለጠው። በዚያው ፎቶ አነሳቸው። እዚያ በር ላይ ኔትወርክ ስለነበረም ወዲያው ለጠፈው፤ «እናቴ እረፍት ላይ» ብሎ።

የጠረጴዛዋ ባለቤት ከቤቱ ጓሮ መጣች። ቦቲ ያደረገች፣ ጸጉሯ ነጭ የሆነ፣ የእትዬ ምስራ እኩያ። አብራር አፍሮ ይቅርታ ሲጠይቅ እሷ አልሰማችውም፤ ዓይኗ እናቱ ላይ ነው። አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?»

«ለምን ጠበቀችልኝ ነው የምትለው።»

«ዱካሽ ተገልብጦ አየሁ በላት። እኛ ጋ እመለሳለሁ፣ አደራ ማለት ነው በላት።»

ተረጎመላት። ሴትየዋ ጠረጴዛዋን አየች፣ ዱካውን አየች፤ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ምን አለች አንተ?»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ በር ላይ ሰው ተቀምጦ አይቼ አላውቅም አለች። እሷም ቢሆን አትቀመጥም።»

እትዬ ምስራ ብድግ ብለው ዱካውን አቀረቡላት። «ትቀመጥ በላት። ተራው የእሷ ነው፤ የእኔ ሰዓት አልቋል።»

ሴትየዋ ተቀመጠች። እነሱ ወደ መኪናቸው ሲወርዱ አብራር ዞር ብሎ አያት፤ እንደተቀመጠች ነበረች።

መኪናው ውስጥ እንደገቡ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ጠየቃቸው።

«እማ፣ ማታ ሳዳም ይደውላል። ምን ልበለው?»

«ስመጣ ሱቄን እንዴት ትቼው እንደመጣሁ ታውቃለህ?»

«ቁልፉን ለፋንታዬ ሰጥተሽ ነዋ።»

«እሱስ ለማታ ነው። ቀን ቀን በሬ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አብራር በርበሬ ተራ ያደገ ልጅ ነው፤ ማስረዳት አያስፈልገውም። ፋንታዬ በሁለት ሱቅ መሃል እየተሯሯጠች፣ በአንድ እጇ በርበሬ በአንድ እጇ ኮረሪማ እየመዘነች ያለችው ለሳዳም ቁልፍ ልታስረክብ አይደለም።

«ገልብጬ ነው የመጣሁት» አሉ እናቱ። «መጣሁ ብያለሁ።»

ማታ ሳዳም ሲደውል አብራር ስልኩን ለእናቱ ሰጠ። ንግግሩ አጭር ነበር። የመመለሻቸው ትኬትም ተቆርጧል።

ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ግን እስካሁን አልተነካም። «አርመው እንጂ» ሲባል አብራር «ሰው ወዶታል እኮ» ይላል። ስለዚህ «ጀነት» ብላችሁ የጻፋችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ተመለሱና ከስሩ እናንተው አርሙት፤ «ሥራ ላይ ናቸው» ብላችሁ ጻፉልኝ።