የጋሼ ደወል ጉንጭ

የወንዶቹን ማደሪያ ፕሮክተር በስማቸው የሚጠራ የለም፤ ግቢው ሁሉ “ጋሼ ደወል” ይላቸዋል። አንደኛ ፎቅ ላይ ሲጮሁ አራተኛ ፎቅ የተኛው ተማሪ ከነብርድ ልብሱ ይቆማል።

ምርቃት አንድ ወር ሲቀረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ልጅ ጆሮ ደግፍ ያዘው። በሳምንቱ ስድስት ሆኑ። ሲስተር፣ የግቢው ክሊኒክ ነርስ፣ የኩፍኝና የጆሮ ደግፍ ክትባት አስመጥታ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። ማን ዞር ብሎ ይየው! አንዱ ፈተና አለብኝ አለ። ሌላው፣ “እኔ በልጅነቴ ተከትቤያለሁ” አለ።

“ስንት ጊዜ?” አለችው ሲስተር።

“እናቴ ናት የምታውቀው።”

“እንግዲያው ደውለህ ጠይቃት። አንዴ ብቻ ከሆነ አንድ ይቀርሃል።”

“ብረቱ” የሚሉት ክብደት አንሺ ደግሞ ክንዱን አሳብጦ፣ “እኔን በሽታው ራሱ ይፈራኛል” አላት።

ሲስተር ሲሰለቻት ጋሼ ደወል ዘንድ ሄደች። “እርስዎ ከጮሁላቸው ይወርዳሉ።”

“ነገ ጠዋት አልጋ ላይ የቀረ ሰው ካገኘሽ ስሜን ቀይሪው!” አሉ።

በማግስቱ ሲነሱ ግን የቀኝ ጉንጫቸው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጆሯቸውን ወደ ላይ ገፍቶታል። ለመጮህ አፋቸውን ሊከፍቱ ቢሞክሩ መንጋጋቸው እምቢ አለ፤ የወጣው ድምፅ የድመት ግልገል ነው።

ሲስተር መጥታ ዳሰሰቻቸው። “በልጅነትዎ ይዞዎት ያውቃል?”

በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ተከትበውስ?”

“በኛ ጊዜ የሚከተበው ከብት ነበር” አሉ በጥርሳቸው መሃል።

አምስት ቀን ከሰው እንዳይገናኙ ተነገራቸውና ከማደሪያው መግቢያ አጠገብ ያለችው ክፍላቸው ውስጥ ተዘጋባቸው። ባለቤታቸው ሾርባ ይዘው መጡ፤ ሳህኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ቀና ሲሉ ሳቅ ጣላቸው፣ ግድግዳ ያዙ።

“ሃያ ስድስት ዓመት ዝም በል ስልህ እምቢ ያልከኝ ሰውዬ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?”

ጋሼ ደወል ተቀይመው መጋረጃውን ዘጉ። ወሬው ግን ፎቅ ለፎቅ ደርሷል። መጀመሪያ ሊያሾፍ የመጣው ብረቱ ነው። ሊያባርሩት መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ፤ ድምፅ ስለሌላቸው ዝም ብለው ፊታቸውን አሳዩት። የልጁ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የራሱን መንጋጋ ዳበስ ዳበስ አደረገ።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር ስንት ቀን ይቆያል?”

አሰብ አደረጉና ካርቶን ቀደው በትልልቁ ጽፈው የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፉት፦ “የምርቃት ፎቶ መቼ ነው?”

ብረቱ ጽሑፉን አየ፣ የጋሼን ጉንጭ አየ፣ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ሄደ ይባል እንጂ ሩጫ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። “ጨረስሽ?”

“ገና በጥጥ እየጠረግኩህ ነው” አለችው።

ከሰዓት በኋላ የክትባቱ ሰልፍ ግቢውን ዞረ። ሲስተር ጠረጴዛዋን አውጥታ ከመስኮቱ ማዶ፣ ራቅ አድርጋ ዘረጋችው። “ጋሼ፣ እስቲ ቀኝ ጉንጭዎን ወደዚህ ያዙሩልኝ፣ ያበጠው በደንብ ይታይ!” መጀመሪያ አፈጠጡባት። በሦስተኛው ቀን ግን ሳይነገራቸው ነው የሚዞሩት፤ ከሰልፉ ሹልክ ሊል የሚሞክር ካዩ መስታወቱን በማንኪያ ያንኳኳሉ።

በስድስተኛው ቀን ወጡ። ሲስተር መዝገቧን ይዛ በራቸው ላይ ቆማ ነበር። ከአራት መቶ አሥር ተማሪዎች ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባቱ ተከትበዋል።

“የኔ ፊት ነው ያመጣቸው?” አሉ።

“በጥሩ ጎኑ ይውሰዱልኝ፣ ጋሼ።”

ሊስቁ ብለው ጉንጫቸውን ያዙ፤ አሁንም ያማል። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የቀሩትን ሃያ ሦስት ስሞች አንድ በአንድ አነበቡ። “ይሄኛው መርፌ ፈርቶ ነው። ይሄኛው ገና አልነቃም። እነዚህ ሁለቱ ኳስ ሜዳ ናቸው።”

ዝርዝሩን ኪሳቸው ከትተው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።