በአንድ በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ የተሰረቀ ዕቃም የለም። ታሪኩ በሙሉ ነቀምቴ ውስጥ ያለ አንድ በርና በላዩ የተንጠለጠሉ ሦስት ጓጉንቸሮች ናቸው። ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያነበብኩትን ሁሉ ለሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

ቤቱ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ነበር። ልጅ ስላልነበራቸው፣ ሊሞቱ ሲሉ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን የሰፈሩ ተማሪዎች እንዲያነቡበት ተናዘዙ። ሰፈሩም ማኅበር አቋቋመ። መተዳደሪያ ደንቡን ግን ተቀምጦ የጻፈው የለም፤ አዲስ አበባ ካለ ሌላ ማኅበር ተገለበጠ። ያ ደንብ ሁለት ቦርድ ነበረው፤ አንዱ የባለአደራዎች፣ ሌላው የዳይሬክተሮች። ሁለት ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሌዎቹን ባለአደራ፣ መሯሯጥ የሚችሉትን ዳይሬክተር ብለው መረጡና ሻይ ጠጥተው ተለያዩ።

ባለአደራዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው አባታቸው ከጎጃም የመጡ፣ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ሲሆኑ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛው የዲጋ ሰው፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውን ኦቦ እንላቸዋለን። ሦስተኛው ሲሬ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ከወፍጮው ጩኸት የተነሳ ይሁን ከተፈጥሯቸው ብዙ የማይናገሩ ሰውዬ ናቸው። የዳይሬክተሮቹ ሰብሳቢ ደግሞ አክስቴ ነች።

በተመረጡ ማግስት ሦስቱም ሽማግሌዎች የየራሳቸውን ጓጉንቸር ገዝተው መጡ። እኛ ዘንድ አደራ ቀልድ አይደለም። ጎረቤት ለቅሶ ሲሄድ ሻንጣውን ቤትህ ቢያስቀምጥ አትከፍተውም፤ ሲመለስ እንደተወው ያገኘዋል። እነሱም መጻሕፍቱን እንደዚያ ሻንጣ አዩዋቸው። መጽሐፍ ሲያነቡት ይለሰልሳል፣ ይቀደዳል፣ አንዳንዴም በሰው ብብት ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ጥበቃ አለማስነበብ ሆነ። ሁለቱ ቢስማሙ እንኳ የሲሬው ሰውዬ ቁልፋቸውን ይዘው ሚኒባስ ካልተሳፈሩ በሩ አይከፈትም።

አክስቴ ግን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ቃል ገብታ ነበር። አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ለአራት የተከራዩ ናቸው፤ መጽሐፍ የሚዘረጉበት ቦታ የላቸውም። ከፋሲካ በኋላ ይከፈታል አለቻቸው፤ ፋሲካም አለፈ። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር በአክብሮት "አዴ፣ ቁልፉ ተገኘ?" ይሏታል። በመጨረሻ ገበያ የምትሄድበትን መንገድ ቀየረች።

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩ፤ ማኔጅመንት ስለምማርና ጽሕፈቴ ስለሚነበብ። ማንንም ማስከፋት ስለማልወድ የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ "በሩ ለተማሪዎች እንዲከፈትና በጥብቅ እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።" ሁሉም ደስ ብሏቸው ፈረሙ። አክስቴ ብቻ እስክሪብቶውን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

በሁለተኛው ስብሰባ ጥፋቴን ልክስ ብዬ በሁለቱ ቦርዶች መካከል ያለውን ልዩነት ላስረዳ ተነሳሁ። በሦስት ቀለም ያዘጋጀሁት ወረቀት ነበረኝ። ባለአደራ ንብረቱ ከተሰጠበት ዓላማ እንዳይወጣ፣ እንዳይሸጥና እንዳይባክን ይጠብቃል አልኩ፤ ዳይሬክተር ደግሞ በዚያው ንብረት የማኅበሩን ሥራ ያሠራል። አርባ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ጋሼ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ማንም ማንንም አይበልጥም አልኳቸው። በዚህ መልስ የተደሰተ ሰው አላየሁም። ኦቦ ኦሮምኛ እንደምሰማ እያወቁ ወደ ሲሬው ሰውዬ ዘንበል አሉና በኦሮምኛ፣

"ይቺ ልጅ ተምራ ስትጨርስ ጓጉንቸሩ አራት ይሆናል" አሏቸው።

ዝምተኛው ሰውዬ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ አክስቴ ጠርታ ደንቡን እንደገና እንዳነበው፣ በተለይም ባለአደራ ምን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት እንድፈልግ አዘዘችኝ። አገኘሁት፤ ባለአደራዎች በዓመት አንድ ጊዜ ንብረቱን በአካል ተገኝተው ይመረምራሉ ይላል። ትልቅ ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ እየሮጥኩ ነገርኳት። እሷም ደብዳቤ ጻፊላቸው፣ አጠራሩን አሳምሪው አለችኝ። "ክቡራን ባለአደራዎች" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ክቡር ያላቸው ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ሦስቱም ሰዓት ሳያዛንፉ መጡ። የሲሬው ሰውዬ ኮት ለብሰው ነበር።

ሦስቱ ጓጉንቸሮች በየተራ ተከፈቱ። ውስጡ የታፈነ እርጥብ አፈር ይሸታል። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ ተደርድረዋል። ጋሼ ወደኛ ዞር ብለው ማንም አልነካቸውም አሉና በኩራት አንዱን ብድግ አደረጉ። ካርቶኑ ተነሣ፤ ታችኛው ክፍሉ ግን መሬት ላይ ቀረ። ምስጥ ነው። መጀመሪያ የበላው ማንም ሊያነበው የማይችል የአንድ መሥሪያ ቤት ወፍራም ሪፖርት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ጀምሯል።

ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። አደራ በላ መባል ለነጋዴ ከእሳት ይብሳል።

"እኔ አልነካሁትም" አሉ ቀስ ብለው።

"አለመንካታችን ነው የበላው" አሉ ኦቦ። ባዮሎጂውን አንስተው አፈሩን አራገፉ። "ዳባሬ ታውቃለህ አይደል? ላም ለሌለው ሰው የሚያልባት ላም ይሰጡታል። ላሟ የባለቤቷ ናት፤ አይሸጣትም፣ አያርዳትም። ግን ያልባታል። ሳትታለብ ጡቷ ቢታመም ባለቤቷ ጠበቅክልኝ ብሎ ያመሰግነዋል? እኛ ላሟ እንዳትሸጥ እንጠብቅ። ማለቡ የነሱ ይሁን።"

አርባ ደቂቃ በሦስት ቀለም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ እግሬን ረገጠችኝ።

የቤቱ ካርታ ባለአደራዎቹ ዘንድ እንዲቆይ፣ በየሦስት ወሩ መጥተው እንዲመረምሩ፣ ቁልፍ ግን የዳይሬክተሮቹ እንዲሆን ተስማሙ። በዚህኛው ቃለ ጉባኤ ላይ "እንዲዘጋ" የሚል ቃል አልጻፍኩም። ኦቦና የሲሬው ሰውዬ ቁልፋቸውን እዚያው ሰጡ። ጋሼ ግን ትንሽ ላስብበት አሉና የሳቸው ጓጉንቸር ብቻ በሩ ላይ ቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴን ምስጡን ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ካርቶኖቹ ባሉበት በኩል በውጭ ግድግዳ ላይ የአፈር መስመር ሲወጣ ደብዳቤው ከመጻፉ ከሁለት ቀን በፊት አይታ ነበር።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እኔ ምን አግብቶኝ፤ ባለአደራ አይደለሁም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ መጥተው በሩን ይከፍታሉ፤ ማታም ይቆልፋሉ። ቀን ገበያ ሲቀዘቅዝ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጠው የገባውን ሁሉ እጅህን አሳይ፣ ገጽ በምራቅ አትግለጥ ይሉታል። ተማሪዎቹ "ክቡር" የሚል ስም አወጡላቸው። እኔ አይደለሁም የጀመርኩት፤ ደብዳቤውን ያየ ሰው ይሆናል።

አንድ ቀን ጋሼ ዲጋ ለቅሶ ሄደው ዘገዩ። ከሰዓት በኋላ ከባጃጅ ወርደው እየተቻኮሉ ሲመጡ፣ ከጠዋት ጀምረው የጠበቁ ተማሪዎች ደጃፉ ላይ መሬት ላይ ተቀምጠው አንዲቱን ደብተር በጋራ ያነባሉ። ጓጉንቸሩን የነካ የለም። በርጩማቸውን እንኳ ማንም አልተቀመጠበትም። ጋሼ ጓጉንቸሩን አየት፣ ልጆቹን አየት አደረጉ። ከዚያ ከፈቱት፤ ነቅለው ኮት ኪሳቸው ከተቱትና ወደ አክስቴ ቤት ሄደው ከነቁልፉ እጇ ላይ አኖሩላት።

ግንቦት ሃያ አራት ቀን ነበር፤ ፈተናው ያለበት ሰኔ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል።