ወይናችንን ያደረቀው ውሃ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ድሬዳዋ ከሳቢያን ወዲያ እምብዛም ቤት ባልነበረበት ዘመን፣ የምንኖረው አያቴ በተከለው የወይን እርሻ መሃል ነበር። አባባ መኮንን በወጣትነቱ ምድር ባቡር ሲሠራ ከአንድ ግሪካዊ አለቃው ግቢ የወይን ቁራጭ ለምኖ አሸዋማው መሬት ላይ ተከለው፤ ሰዉ «ይኼ እዚህ አይበቅልም» እያለው አጸደቀው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሐረጉ በእንጨትና በሽቦ ላይ ተዘርግቶ ግቢውን ሁሉ አልብሶት ነበር። ቀትር ላይ ድሬ በሙቀት ስትነድ እኛ ጥላ ውስጥ ነበርን።

ሐረጉ በሚከረከምበት ሰሞን አባባ የተቆረጠውን ጭራሮ ሰብስቦ ገና ጀንበር እንደጠለቀች ያነድደዋል። የወይን እንጨት ጭሱ ዓይን አያቃጥልም፤ ፍሙም ቶሎ አይከስምም። ያኔ ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ይሰቅልና፣ እኛና የጎረቤታችን የኦቦ ሙሜ ልጆች ዙሪያውን ስንቀመጥ፣ ኦቦ ሙሜም ጫቱን ይዞ ጥግ ላይ ጋደም ሲል፣ ተረቱን ይጀምራል።

ከሁሉም የማልረሳው የውሃዋን ሴት ተረት ነው። ውሃ ከምድር በታች ቤት ያላት ዓይናፋር ሴት ነበረች። ደጇ ቆሞ በስሟ ለሚጠራት እንስራ ሞልታ ትሰጣለች። አንድ ሰው ግን ደጅ መቆም ሰለቸውና እጇን ይዞ ጎተታት። ፈርታ ወደ ጓዳ ሸሸች። ተከተላት። ከዚያ ጓዳ ወደሚቀጥለው፣ ከሚቀጥለው ደግሞ ወደ ውስጠኛው እያለች የምትሸሽበት ሲያልቅባት ተቀምጣ አለቀሰች። ሰውዬው እንስራውን ሞልቶ ደስ ብሎት ወጣ፤ የያዘው ግን እንባዋን ነበር። «እንባ ደግሞ ጥም አይቆርጥም» ይል ነበር አባባ፣ እሳቱን እየቆሰቆሰ። ሌሎቹን ልጆች ሁልጊዜ የምታሳዝናቸው ሴትየዋ ነበረች፤ እኔን የሚያሳዝኑኝ እቤት ሆነው ውሃውን የሚጠብቁት የሰውዬው ልጆች ነበሩ።

ኦቦ ሙሜ ከድንበራችን ማዶ ፓፓያ ያለማ ነበር። ድንበሩ ላይ ያለችውን ጉድጓድ እሱና አባባ በጉብዝናቸው ጊዜ አብረው በእጃቸው ቆፍረዋታል፤ ጠዋት እሱ ይቀዳል፣ ከሰዓት እኛ። ሙስሊም ስለሆነ የአባባን ወይን ጠጅ ቀምሶ አያውቅም። ዘቢብ ሲደርቅ ግን አባባ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ለኢድ ለኦቦ ሙሜ ልጆች የሚሆነውን ሳይለይ ለገበያ አያወጣም ነበር።

ትምህርት ቤት ስገባ አካባቢው ተለወጠ። በግራም በቀኝም መሬት የገዙ ሰዎች ማሽን እያመጡ ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፍሩ ጀመር፤ ፓምፑ ሲጮህ ይውላል። የኛ ጉድጓድ ገመድ በየጊዜው ይቀጠል ጀመር። አባቴ አያቴን ማሽን እናምጣ ብሎ ወተወተው።

«ሁሉም እየሳበ እኛ ብቻ ብንቆጥብ ውሃው ይጠብቀናል?» ይለዋል።

አባባ ብዙ ጊዜ እምቢ አለ። ባልዲው አሸዋ ብቻ ይዞ የወጣ ቀን ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየና «እሺ፣ አምጣው» አለ።

ማሽኑ ሲተከል ኦቦ ሙሜ መጥቶ አየ። «መኮንን፣ ይሄ የጋራዋን ጉድጓድ ጭራሽ አያደርቃትም?»

«እሷማ ደርቃለች። አይዞህ፣ ወዳንተ ቱቦ አስቀጥልልሃለሁ። ለሁለታችንም ይበቃል።»

«ቶሌ» አለ ኦቦ ሙሜ፣ እሺ ማለቱ ነው። ፊቱ ግን እሺ አላለም።

ወይኑ እንደዚያ ዓመት አፍርቶ አያውቅም። ዘለላው ሽቦውን አጎበጠው። ሲሚንቶው ገንዳ ውስጥ ገብተን በባዶ እግራችን ዘለላውን ስንረግጥ፣ አባቴ እየዘፈነ በርሜል ያጥብ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆነ፣ ካውያ የነካቸው ይመስል። ከግንዱ ሥር አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ጋገረ። አባቴ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት አስረጨ። አንድ አመሻሽ ላይ ጠምቶኝ ከቱቦው ስጠጣ ጣዕሙ አስጠላኝና ተፋሁት፤ ጨው ጨው ይላል። ተረቱ እውነት የመሰለኝ ያኔ ነው።

«አባባ፣ የመጨረሻው ጓዳ ደርሰናል?» አልኩት።

በመዳፉ ቀድቶ ቀመሰ። ሳይውጠው ብዙ ቆየ። ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተፋውና ራሴን ዳበሰኝ።

የዚያ ዓመት ወይን ጠጅ በርሜሉ ሲከፈት ጣዕሙ የሞተ ነበር፤ አባባ በገዛ እጁ አፈሰሰው። ከዚያ የባሰው ግን ድንበር ማዶ ነበር። እንደ ውለታ የቀጠልንለት ቱቦ ጨዉን ለኦቦ ሙሜ ሲያደርስለት ከርሟል። ፓፓያዎቹ አንድ በአንድ ራሳቸውን ደፉ። መሬቱን ትቶ ዋሂል ወዳሉት ዘመዶቹ ሊሄድ ሲነሣ አባባ ሊሸኘው ወጣ።

«ተወው መኮንን» አለው ኦቦ ሙሜ። «እኔም ጠምቶኝ ነበር። ቱቦውን ስትሰጠኝ እምቢ አላልኩም።»

አባባ ወይኑን እስከ ሥሩ አስነቅሎ አነደደው። ዙሪያውን ተቀመጥን። የኦቦ ሙሜ ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነበር። ተረት እስኪጀምር ጠበቅኩ፤ ሥሩ ነዶ አመድ እስኪሆን እሳቱን ብቻ ቆሰቆሰ። ከዚያ በኋላም አልተረተም። የሞተው በሁለተኛው ክረምት ነው፤ ሐኪሙ ልቡ ነው አለን።

ዛሬ እዚያ ቦታ ፎቅ ቤቶች ቆመዋል። እኔ እዚሁ ሳቢያን ነኝ፤ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ስትጠፋ በባጃጅ በጀሪካን እናስመጣለን። ከልጅነቴ የቀረኝ የተረቱ ትምህርት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ትምህርቱን ግን አባባም ያውቀው ነበር፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ማወቃችን ያቆመው ነገር የለም። ባለፈው እሑድ የመንደሩ ሰው የጋራ ጥልቅ ጉድጓድ እናስቆፍር ብሎ ተሰበሰበ። የሚስማማ እጁን ያውጣ ተባለ። አባባን አሰብኩት፤ ኦቦ ሙሜንም። እቤት ባዶ የተደረደሩትን ጀሪካኖችም አሰብኩ። እጄን አወጣሁ።

ማታ ልጆቼ ተረት ንገሪን አሉኝ። ደክሞኛል፣ ተኙ አልኳቸው።