ቀዩን ጊታር እንደገና ስንቀባ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የባለቤቴን ጊታር ማደስ ነበር። በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጊታሩን ጉልበታችን ላይ አጋድመን፣ እሱ በአንዱ ጎን እኔ በሌላው፣ የደበዘዘውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቅ አረፈድን። ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ነበር። «ወፍጮ ቤት ያደርክ ትመስላለህ» ስለው ሊስቅ ሲል አስነጠሰው። ዛሬም ከጎረቤት ብረት ቤት የአኳራጅ ሽታ፣ ያ የቀለም ማቅጠኛ፣ በነፋስ ሲመጣ ማስነጠሱ ይሰማኛል።

ጊታሩን ያወቅሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። በመካነ ሰላም ከተማ የወጣቶች ኪነት ቡድን እኔ ከዘፈን ተቀባዮቹ አንዷ ነበርኩ፤ እሱ ጊታር ተጫዋች። ጊታሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ከተማው ግን ያኔ መብራት አልነበረውም። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ለትርዒቱ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በልምምድ ጊዜ በከበሮና በጭብጨባ መሀል ጣቶቹ ሲሮጡ አያለሁ እንጂ ምንም አልሰማም።

«ይሄ ነገር ዲዳ ነው እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጠጋ በይ።»

ጠጋ አልኩ።

«እንዲያ አይደለም። ጆሮሽን እንጨቱ ላይ አድርጊው።»

አደረግሁት። እንጨቱ እንደ ዛላ በርበሬ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር፤ ጉንጬን ቀዘቀዘኝ። ድምፁ ከእንጨቱ ወጥቶ እስከ ጥርሴ ሥር ዘለቀ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ጥርት ያለ። ከበሮ መቺው ከበሩ ላይ «ኧረ ጉድ! ጆሮ ማከም ጀመርክ?» ብሎ ጮኸና ሁሉም ሳቁብን። የትርዒቱ ቀን ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጊታሩ አዳራሹን አናወጠው፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ቅናት ያዘኝ። የእኔ ብቻ የነበረውን ሁሉም ሰማው።

ከተጋባን በኋላ ጊታሩ ከመስኮቱ ትይዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። መብራት ከተማችን ከገባ በኋላም የድምፅ ማጉያ አልገዛንለትም። ልጃችን እዚያው ሥር አደገች፤ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር ሄደች። ፀሐዩ ቀስ እያለ ቀለሙን ወሰደው፤ የገብስ ገለባ መሰለ። በየቀኑ የምናየው እኛ አላስተዋልንም። ልጃችን ደውላ «አባ፣ መምጣቴ ነው። ቀዩን ጊታር ይዘህ በር ላይ ጠብቀኝ» ስትለው ነው ቀና ብሎ ያየው።

«ቀይ ነው ያለችው፣ አይደል?» አለኝ ስልኩን እንደዘጋ።

ጊታሩ ፊት ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን በካቻቪቴ ፈትቶ ሲያነሳው፣ ከሥሩ ፀሐይ ያላየው ቀይ እንደ ድሮው ተቀምጧል። «እይልኝ! እይልኝ!» አለ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኘ ይመስል። ያችን ቦታ አልፈቅናትም፤ ለናሙና ተውናት። የከተማችን ሱቅ ያለው የግቢ በር ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ ብሎ የሰጠን ቲማቲም ይመስላል። የብረት ቤቱ ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ «ወላሂ ጋሼ፣ ጊታር ነው ወይስ በር የሚቀቡት?» ይለዋል።

«አንተ ነገሩን ተውና ጥቂት ጥቁር ቀለም ስጠኝ።»

ጥቁሩን ጠብ እያደረገ፣ በእንጨት እያማሰለ፣ ከናሙናዋ ጎን እያስጠጋ «ይሄ ነው?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ጉንጬን ያሳረፍኩበትን ቀለም እንዴት እረሳለሁ? በመጨረሻ «እሱ ነው» አልኩት። የመጀመሪያውን ቅብ ቀብቶ ጥላ ሥር ሰቀለው።

«እስኪደርቅ እንዳትነኪው። ሁለተኛውን ነገ ከነገ ወዲያ እንደግመዋለን።»

«ሳይደርስ ብትመጣስ?»

«አብሽሪ፣ ይደርሳል።»

እሱ ግን ሁለተኛውን አልቀባም። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሊያጠልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሳም። ልጃችን ለደስታ የቆረጠችው ትኬት ለለቅሶ ሆነ። በር ላይ የጠበቅኋት እኔ ነኝ፣ ባዶ እጄን።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የቀለሙን ጣሳ ከፈትሁ። ላዩ ቆዳ ሠርቷል። ቆዳውን በማንኪያ ስገፍፈው ከሥሩ ያ የበጠበጠው ቀይ እንደነበረ አለ፤ ለአንድ ቅብ ይበቃል። ልጄ ብሩሹን ልትቀበለኝ ስትል «አብረን» አልኳት። አንዱን ጎን እሷ፣ ሌላውን እኔ ቀባን። ሲደርቅ ሽፋኑን በአሮጌው ቀይ ላይ መልሰን አሰርን፤ ክሮቹንም እንደነገሩ ወጠርን።

ለአባቷ ማጉያ ይዛ መጥታ ነበር። «እማ፣ ልሰካው?» አለችኝ።

«ተይው፣ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።»

«ታዲያ በምን ይሰማል?»

«ጠጋ በይ» አልኳት።

እሷ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ጊታሩን ከመስኮቱ ትይዩ አልሰቅለውም። ቅኝት አላውቅም። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጭኔ ላይ አጋድሜው፣ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አድርጌ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እነካለሁ።