የእታለም እጩነት

ፀጉር ቤቴ ጎንደር አራዳ ነው። ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን ሰቅያለሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ሽልማት እኔ የተናገርኩት መሬት ጠብ ብሎ አያውቅም። ጉራ አይደለም፣ ደንበኞቼን ጠይቁ። በተለይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ረዳት ተዋንያን ዘርፍ የእኔ ነው። ዋናውን ተዋናይ ማንም ይገምታል፤ ፊቱ በየፖስተሩ አለ። ረዳቱን ለመገመት ግን ዓይን ያስፈልጋል። ሰካራም ሆኖ የሚጫወት ሁሌም እጩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲያስቅ ከርሞ አንድ ቀን ድንገት ያስለቀሰን ማንም አይቀድመውም። ከአንድ ድራማ ሁለት ረዳቶች እኩል ከወጡ ደግሞ ድምፁ ለሁለት ይከፈልና ሁለቱም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። አንዲት መምህርት ደንበኛ አለችኝ፤ «አንቺ የከፈትሽው ፀጉር ቤት ሳይሆን ጠንቋይ ቤት ነው» ትለኛለች። ትበል።

አምና ግን ግምቱ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እታለም፣ ታላቅ እህቴን እንዲህ ነው የምጠራት፣ አዲስ አበባ በሚሠራ አንድ ተከታታይ ኮሜዲ ላይ ጎረቤት ሆና ትጫወት ነበር። በየሳምንቱ በርበሬ ልበደር ብላ ሰው ቤት ትገባለች፤ በርበሬውን ረስታ የሰው ምስጢር ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ውጪ ሌላ ሥራ አልነበራትም። እዚህ ጎንደር በኪነት ቡድን ስትጨፍር፣ አዲስ አበባ ሄዳ በማስታወቂያ ላይ አንድ አንድ ቃል ስትናገር ኖራ፣ ፀጉሯ ሸበት ማለት ከጀመረ በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያ ቋሚ ቦታ ነው። ሽበቱን አውቀዋለሁ፤ ቀለሙን የምቀባት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ሹሩባ እየሠራሁ ሳለ ደወለች።

«አንቺ፣ ዘንድሮ እጩ የምሆን ይመስልሻል?»

«ምን ጥያቄ ነው! ሆኛለሁ በይ እንጂ!»

«እባክሽ አትቀልጂ። ፕሮዲዩሰሩ ጠርቶኝ ነበር። ለሚቀጥለው ምዕራፍ ተዋናይ ሊቀንሱ ነው። እጩ ከሆንሽ ማንም አይነካሽም፣ ካልሆንሽ ግን ጎረቤቷ ቤት ቀይራ ትሄዳለች ብሎኛል።»

ክው አልኩ። በእጄ የያዝኩት ፀጉር ሳይጎነጎን ቀረ። እኔ ስስቅበት፣ ስፎክርበት የኖርኩት ነገር የሰው እንጀራ የሚንጠለጠልበት ነው ለካ! «በስመ አብ! እንዲህ ብሎ በአፉ ተናገረሽ?» ስላት፣ «ሻይ እየጋበዘኝ ነው የነገረኝ» አለች። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ያን ቀን ሥራዬን ትቼ ግምት ተቀመጥኩ። እጩዎቹን የሚለየው ሕዝቡ ነው፤ ዳኞች የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በስልክ አጭር መልእክት ነው፤ ለዋና ተዋናይት «ሀ»፣ ለረዳት ተዋናይት «ለ» ተብሎ ከጎኑ ስሟ ይጻፋል። ብዙ ድምፅ ያገኙት አምስቱ እጩ ይሆናሉ። አንድ ደንብ ደግሞ አለ፤ ተዋናይ የሚወዳደረው ብዙ ድምፅ በመጣለት በአንዱ ዘርፍ ብቻ ነው። እታለም የምታሰጋ አልነበረችም። በዚያ ሰሞን በታየው ክፍል፣ ባለቤቶቹ «ምነው ሁልጊዜ እኛ ቤት?» ሲሏት «እኔ ቤት ማን አለና ነው?» ብላ አንገቷን ደፍታ ወጥታ ነበር። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ያላለቀሰ የለም። ስታስቅ ከርማ አስለቀሰች! በእኔ ግምት ጉዳዩ ያኔ አልቋል።

ቢሆንም የሰው እንጀራ ነውና በግምት ብቻ አልተኛሁም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ሚኒባስ ተሳፈርኩና ድብ ባሕር፣ ከአባታችን ታላቅ ወንድም ቤት ወጣሁ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ አያ እንላቸዋለን። ገብስ አጭደው ገና መግባታቸው ነበር። አገሩ ሁሉ ቃላቸውን ይሰማል፤ «አስታርቁን» ይባላሉ እንጂ እሳቸው «ታረቁ» የሚባሉ ሰው አይደሉም። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው፤ የፕሮዲዩሰሩን ነገር ብቻ እታለም አትንገሪያቸው ስላለችኝ ዋጥኩት።

«ሀ የማን ነው አልሽኝ?» አሉ።

«የዋናዋ ተዋናይት።»

«ለ'ስ?»

«የረዳቷ፣ የእታለም። እርስዎ ለ ብላችሁ ላኩ በሏቸው፣ አያ።»

«እህ» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ሰምቻለሁ። አንቺ ሂጂ፣ የቀረውን ለኔ ተይው» አሉኝ።

ጉድ እኮ ነው የሠሩት! እሑድ ሰንበቴው ላይ ተናገሩ። ገበያ ላይ ተናገሩ። ዳባት ላለው ዘመድ፣ ደባርቅ ላለው አማች፣ ጭልጋ ድረስ ለተዳሩት የአክስት ልጆች ሳይቀር አስደወሉ። መጻፍ የሚችለው ለማይችለው እየጻፈ፣ ስልክ ያለው ስልክ ለሌለው እያዋሰ ላከ። እታለም ደውላ «ከጎንደር የሚመጣው መልእክት ጉድ ነው እየተባለ ነው» ስትለኝ ፀጉር ቤቱ ውስጥ እስክስታ ወረድኩ። ካላመናችሁ መምህርቷ ምስክሬ ናት።

እጩዎቹ የሚገለጹት እሑድ ከሰዓት በቀጥታ ስርጭት ነበር። እሑድ እሑድ እዘጋለሁ፤ ያን ቀን ግን ከፈትኩ፤ ፀጉሯን የምትሠራውም የማትሠራውም መጣች። ልክ ሊጀመር ሲል መብራት ድርግም አለ። እኔ በዚያ ቀን በመብራት ኃይል ላይ ያወረድኩትን እርግማን ንስሐ አባቴም አልሰሙትም። ጎረቤታችን ያለው ፎቶ ቤት ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ገመድ ሳበልን። ቴሌቪዥኑ ሲበራ የእኛው ዘርፍ ደረሰ። አምስቱን ቀድሜ ጠርቻለሁ፤ ሰካራሟ፣ አማቲቱ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ መስማት የተሳናት መስላ የሰው ወሬ የምታዳምጠው እመቤት፣ እና እታለም።

ሰካራሟ ተጠራች። አማቲቱ። ሠራተኛዋ። እመቤቷ። እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። አምስተኛዋ ተጠራች።

አንዲት ልጅ ናት። በየክፍሉ አንዴ ብቅ ትልና ታነጥሳለች። በቃ! ታነጥሳለች፣ ትወጣለች!

ካስክ ሥር የነበረችው ደንበኛ ብድግ ስትል ጭንቅላቷን ተመታች፤ አይዞሽ የሚላት እንኳ አጣች። «ስማቸውን ተሳስተው ይሆናል፣ አሁን ያርማሉ» አለች መምህርቷ። ቆመን ጠበቅን። ማንም ምንም አላረመም፤ ማስታወቂያ ገባ። እታለም ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ የማውቀው አባቴ የሞተ ዕለት ብቻ ነው፤ ለማጋነን አይደለም፣ እውነቴን ነው።

በማግሥቱ ራሷ ደወለች። ድምጿ ረጋ ብሏል።

«ጠይቄ ነገሩኝ» አለች። «በ'ለ' ከሁሉም እበልጥ ነበር አሉኝ።»

«ታዲያ?!»

«በ'ሀ' የመጣልኝ ከዚያም በለጠ። ስለዚህ ወደ ዋናዎቹ ወሰዱኝ። እዚያ ደግሞ ዋናዋ ራሷ አለች፣ የሌላውም ድራማ ዋናዎች አሉ። እኔን ማን ያየኛል? ከመጨረሻ ነው የወጣሁት።»

«ማን አባቱ ነው በ'ሀ' የላከብሽ?»

«ከኛው አገር ነው አሉ። ሁሉም።»

ስልኩን ዘግቼ ወዲያው አያ ጋ ደወልኩ። ደኅንነታቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

«አያ፣ ሕዝቡን ምን ብላችሁ ላኩ አሏቸው?»

«ሀ ነዋ!» አሉኝ። በድምፃቸው ኩራት አለ።

«እኔ ለ ብዬ አልነገርኩዎትም?»

«ነግረሽኛል። ሸጋ አድርጌ ሰምቼሻለሁ። ምነው ታዲያ፣ ሀ እያለ ለ ምን ሊሠራ? የወንድሜን ልጅ ከላይ ቦታ እያለ ከበታች ላስቀምጣት? ነገ የድብ ባሕር ሰው ልጁ የሰው ረዳት ትሁንልን ብሎ ለመነ ይበሉን? አንድም ሰው እንቢ ያለ የለም፤ ቄሱም ሀ ብለው ነው የላኩ።»

የኛን አገር ሰው አውቀዋለሁ። ሠርግ ላይ ዳስ ሲገባ ዘመዱ ከቦታው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ እህል አይቀምስም። አንድ ጊዜ እኚሁ አያ የአጎታቸው ልጅ በር ላይ ተቀምጦ አይተው፣ እሱ ወደ ላይ እስኪወሰድ ድረስ ወጡ ቀዝቅዞ ሠርገኛ ሁሉ ሲለምናቸው ዓይኔ አይቷል። ያን ሁሉ ሰው ያነሣሣው ፍቅር ነው። በዚያ ፍቅር እህቴን ከእንጀራዋ ነቀሏት። መጮህ ፈለግሁ፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ በአካል ካልሆነ አልነግራቸውም ብዬ ተውኩት።

ፕሮዲዩሰሩ ቃሉን አክባሪ ሰው ኖሯል። አዲሱ ምዕራፍ ሲጀምር ባለቤቶቹ በመስኮት እያዩ «ጎረቤታችን ለቀቀች እኮ» አሉ፤ አለቀ። አንዲት ዓረፍተ ነገር! እታለም ቦርሳዋን ይዛ ጎንደር ገባች። ገና ከመምጣቷ አያ ልከውብኛል፤ «ዘመድ ሊያያት ተሰብስቧል፣ ይዘሻት ነይ» ብለው።

«እሄዳለሁ!» አልኩ። «እሄድና የሠሩትን አንድ በአንድ ነው የምነግራቸው!»

ሚኒባስ ውስጥ እጄን ጨብጣ፣ «አንዲት ቃል ትተነፍሺና እህትሽ አይደለሁም» አለችኝ።

«ማወቅ አለባቸው እኮ እታለም! ነገም ሌላ ሰው ላይ...»

«ዝም በይ አልኩሽ።» እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም። ድብ ባሕር እስክንደርስ አኮረፍኳት።

ስንደርስ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። በግ ታርዷል። ግቢው ሞልቷል። ያን ሁሉ መልእክት የላከው ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፤ አንዱ እንኳ እጩነቱ እንደቀረ አልሰማም፤ በእጩው ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ኖሮ ፕሮግራሙን ያየው የለም። እታለም የአያን ጉልበት ሳመች። እሳቸው ብድግ አድርገው ከቄሱ ቀጥሎ፣ ከሁሉ በላይ አስቀመጧት። ሰው ዝም እስኪል ጠብቀው ጮክ ብለው ጠየቁ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ይስማ። ከላይ አስቀመጡሽ?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። እታለም ቀደመችኝ።

«አዎ አያ። የቆጠሩኝ ከዋናዎቹ ጋር ነው።»

እልልታው ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ ተነሥተው ጨፈሩ፤ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እሷ ከልቧ ሳቀች። ያን ሁሉ ዓመት ማን እውነት ያስቃል፣ ማን ያስመስላል ብዬ ስለይ የኖርኩት ሴትዮ፣ የገዛ እህቴ ሳቅ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ድንጋጤዬ አለቀ ስል እንደገና ደነገጥኩ።

አያ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ያልኩትስ ይህንን አይደል!» አሉ ወደ እኔ እያዩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፤ «ለከርሞም እንዲሁ ነው። ሰዉን ከአሁኑ አዘጋጀዋለሁ፤ ቋራ ያሉትም አይቀሩም።»

«ለከርሞም እንዲሁ አድርጉልኝ፣ አያ» አለች። ለከርሞ የምትጫወተው ነገር እንደሌላት በዚያ ግቢ ውስጥ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።