ጥሞና የተባለው ሕመም

የእኔን ክፍልና የፓስተሩን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሲያስነጥስ ከዚህ ሆኜ «ይማርህ» እለዋለሁ፤ እሱም ከዚያ ሆኖ «ያኑርዎት» ይለኛል። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ ግን ልጄ ነው፤ ዕድሜውም ከልጄ ዕድሜ አይርቅም። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው፤ ባስተማረኝ ፊደል ስለ እሱ ብጽፍ አያስቀይመውም።

ከግቢያችን ጋር የተያያዘው አዳራሽ ድሮ የአናጢ ቤት ነበር። ዛሬም ዝናብ ሲጥል ከወለሉ የሰጋቱራ ሽታ ይነሳል። ቤተ ክርስቲያናችን የምትሰበሰበው እዚያ ነው። ጥቂት ነን። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሁሉን ነገር በወንበር ስለሚለካ «የሚቆም ሰው ቀርቶ፣ አንድ አውቶቡስ እንኳ አንሞላም» ይላል።

ፓስተሩ በሳምንቱ ቀናት ልብስ ሰፊ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ የወፈረ ሰው ሱሪ ያሰፋል። ቀጭን ስለሆነ የሠፈር ልጆች «ጋሼ መርፌ» ይሉታል። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። አንዲት ልጁ አግብታ ሩቅ አገር ናት። እሁድ ወንበሩን የሚደረድረው እሱ፣ የድምፅ ማጉያውን ገመድ የሚቀጥለው እሱ፣ የሚሰብከው እሱ፣ ሰው ሲወጣ መጥረጊያ የሚያነሳው እሱ። በመሃል ደግሞ በሩ ላይ ይቆምና ሁሉንም አንድ በአንድ ይጠይቃል። «ጉልበትሽ እንዴት ዋለ? ልጅህ ደወለልህ? ያ ሳል ለቀቀዎት?» ሰው የልቡን ያራግፍለትና ቀለል ብሎት ይሄዳል። «እርስዎስ?» ብሎ የሚቆም አይታይም። በሩ ጠባብ ነው፤ ከኋላ ያለው ይገፋል።

ድምፁ መጎርነን የጀመረው በዝናቡ ወራት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ዝንጅብል አፈላሁለት፣ ማር አላስኩት። ቆየት ብሎ በስብከት መሃል ቃሉ ይቆረጥ ጀመር፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሰው አለቀሰ፤ መንፈስ የነካው መስሏቸው። እኔ ከፊት ስለምቀመጥ አንገቱ ላይ የተገተረውን ሥር አየሁ። በማግስቱ አጅቤው ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በጉሮሮው ቀጭን መብራት አስገብታ አየችና ጓንቷን እያወለቀች፣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችው።

«ልብስ ሰፊ» አለ፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ።

«ልብስ ሰፊ እንዲህ አይጮህም።»

«ፓስተርም ናቸው» አልኳት እኔ።

«እንደሱ ይበሉኝ። እንግዲህ ያድምጡኝ፣ አባት። የድምፅ አውታርዎ ላይ እባጭ አለ። ዝም ካሉ ይሟሽሻል፤ ዝም ካላሉ ድምፅዎ እንደሄደ ይቀራል። ዝም ስል ደግሞ ዝም ነው። ሹክሹክታም የለም፤ ሹክሹክታ እንዲያውም ይብሳል። እኔ እስክፈቅድልዎ ድረስ።»

እሱም በእጁ ምልክት እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቃት። ከአፉ ቃል አለመውጣቱን አይታ ፈገግ አለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሁለቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ ሹፌሩና መነጽር ሻጩ። ፓስተሩ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ዘርግቶ በልብስ ጠመኔው የሐኪሟን ቃል ጻፈላቸው። መነጽር ሻጩ ጮክ ብሎ አነበበው። ሹፌሩ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረ።

«ይኼ ለሰው አይነገርም» አለ። «ማዶ የሌላው ቤተ ክርስቲያን ትልቁ አዳራሽ ከተከፈተ ወዲህ ሰዉ በር በሩን ነው የሚያየው። የፓስተራችሁ ድምፅ ጠፋ ካልናቸው፣ ተሳፋሪው በሙሉ በሚቀጥለው ፌርማታ ይወርዳል።»

«ታዲያ ምን ልንል ነው?» አለ መነጽር ሻጩ።

«ጥሞና ገብተዋል እንላለን። የዝምታ ጥሞና። ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ ነው የሚነጋገሩት።»

ፓስተሩ ሁለት እጁን አወራጨ፤ አፉንም ከፈተ።

«አይናገሩ» አለው ሹፌሩ። «ተከልክለዋል እኮ።»

ፓስተሩ ሊጽፍ ሲል ጨርቁ ላይ መነጽር ሻጩ በክርኑ ተደግፎ ነበር። እስኪነሳለት ድረስ ሹፌሩ ኮፍያውን አድርጎ ወጥቷል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ያቺን አዳራሽ ስንከራያት በገዛ እጁ የጠረገ፣ ቆርቆሮዋን የመታ እሱ ነው። የፈራው እንዳትዘጋ ነው።

እሁድ ማስታወቂያ የሚናገረውም ሹፌሩ ነው። ተነሳና «ፓስተራችን የዝምታ ጥሞና ገብተዋል» አለ። ከየወንበሩ «አሜን» ተባለ። ፓስተሩ ጫማውን ነበር የሚያየው።

የታመመ ሰው እንዲያርፍ ይተዉታል። ጥሞና የገባ ሰው ግን ይፈለጋል። ከሰኞ ጀምሮ ግቢያችን እግር በዛበት። ሁሉም የጸሎት ርዕሱን ይዞ ይመጣል፤ ሰማዩ በጋሼ መርፌ ቤት በኩል ቀረብ ያለ መስሏቸው። ፓስተሩም የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ ክሩን በጥርሱ እንደያዘ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

«አምስት ደቂቃ» የምንላት አንዲት እህት አለችን። «አምስት ደቂቃ ብቻ ልንገርዎት» ብላ ትገባና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትወጣለች። ስትወጣ ደጄ ላይ አገኘኋት።

«እማማ፣ ገና ዛሬ ሰሙኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ድሮ በመሃል ጥቅስ እየጠቀሱ ያቋርጡኝ ነበር።»

«ምሳውን በልቶ ነበር?»

«እሱን እንኳ ልብ አላልኩም» አለች።

የተጣሉ ባልና ሚስትም ነበሩ። በየተራ መጡ። ባልየው «እናቴ ከእኛ ጋር ብትኖር ይሻላል፣ አይደል ፓስተር?» አለ፤ ፓስተሩ ራሱን ነቀነቀ። ሚስትየው ደግሞ በበነጋው «እናቱ ለብቻቸው ቢኖሩ ይሻላል፣ አይደል ፓስተር?» አለች፤ ነቀነቀ። እሱ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። እነሱ ግን እሁድ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተያያዙ።

«ለእኔ ነው የነቀነቁልኝ» አለ ባል።

«ለእኔ ከአንተ አስበልጠው ነው የነቀነቁልኝ» አለች ሚስት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ሳቅ ግን አልመጣም። ድሮ ሲሰፋ መዝሙር ያንጎራጉር ነበር፤ አሁን በግድግዳው አልፎ የሚመጣው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ቆም፣ ቆም ይላል። አንድ ቀን አስነጠሰ። «ይማርህ» አልኩ። መልስ እንደማይሰጥ እያወቅኩ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ጥቂት ቆይቶ በጣቱ አንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው መኖሩን ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው። እኔም አንኳኳሁለት። ያን ሁሉ እንግዳ ሲያስተናግድ ውሎ፣ ከሰው ጋር ተነጋገረ የሚባለው ያችን ብቻ ነበር።

ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ከምእመናኑ አንዱ፣ የመጋዘን ዘበኛው ነው። ዘበኛው ደም ግፊት አለበት። አንድ ቀን እኔ ከፓስተሩ ጋር ቁጭ ብዬ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ስተክል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ገባ። ፊቱ አብጧል።

«ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት፣ ፓስተር» አለ። «ኪኒኑን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ያን ዕለት ልተወው ወይ ስልዎት ነቀነቁልኝ አይደል? ትንሽ ያዞረኛል እንጂ ደህና ነኝ።»

ፓስተሩ ከመኪናው ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ። «አላልኩም» አለ። ጨርቅ በሁለት እጅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው የወጣው። ሊደግመው ሲል አፉን በእጄ ያዝኩት።

«ዝም በል ልጄ፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

ነገርኩት። ዘበኛው ቶሎ አላመነኝም። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ጥሞና ምን ያውቃሉ?» አለኝ።

«ስለ ጥሞና አላውቅም። ሐኪሟ ስትናገር ግን አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ጉሮሮው ነው የታመመው።»

ፓስተሩ ክንዱን ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደው። ሲመለስ አፉን የጠረገበትን መሐረብ አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል አየሁበት። ደም ነበረው።

በሚቀጥለው እሁድ ሹፌሩ ለማስታወቂያ ሊነሳ ሲል ፓስተሩ ቀደመው። ፊደል የምንማርበትን ሰሌዳ ከጥግ ጎትቶ መሃል አቆመው። መጻፍ ጀመረ። የጠመኔው ሲጥ ሲጥ ካልሆነ ሌላ ድምፅ የለም። ሲጨርስ ወደ ሹፌሩ ዞሮ እንዲያነበው በእጁ ጠራው፤ ከመሃላችን ዓይኑ የደከመም፣ ፊደል ያልቆጠረም ብዙ ነው።

ሹፌሩ ቀረብ አለ። «‹ጥሞና አልገባሁም›» ብሎ አነበበና ቆመ። ፓስተሩ ጠበቀው። «‹ታምሜያለሁ። መናገር ተከልክያለሁ። ራሴን የምነቀንቀው ሰምቻለሁ ለማለት ነው እንጂ እሺ ለማለት አይደለም። በማንም ጠብ አልፈረድኩም። መድኃኒታችሁን ዋጡ።›»

ከታች አንድ ቃል ቀርታ ነበር። ሹፌሩ ፓስተሩን አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «‹ደክሞኛል›» አለ።

አሜን ያለ የለም። «አምስት ደቂቃ» የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ከኋላ አንድ ሰው «ሰው ሲታመም ምን ያስደብቀዋል?» አለ። «እኛስ መቼ ጠየቅናቸው?» አለው ሌላው። ወጣን። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀን ስላልነበረ፣ ሰዉ ምን ብሎ እንደሚለያይ ጠፍቶት ደጃፉ ላይ ትንሽ ተደናበረ።

ሹፌሩ የፈራው በከፊል ደረሰ። አንዳንዱ ወደ ትልቁ አዳራሽ ሄደ፤ ባልና ሚስቱም ሄዱ፣ በዚህ ብቻ ተስማምተው። የቀረነው ለወንበሩና ለመጥረጊያው ተራ ገባን። ሰኞ ሰኞ የግቢውን በር የምዘጋው እኔ ነኝ። የሚያንኳኳ ካለ «ልብስ ከሆነ ማክሰኞ፤ ጸሎት ከሆነ ሽማግሌዎቹ ጋ» እላለሁ። መነጽር ሻጩ መስበክ ጀመረ። ያስተኛናል፤ ግን ይሰብካል።

ፓስተሩ አሁን ከኋላ ወንበር ነው የሚቀመጠው። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ሰዉ እንዴት እንደሚጠይቀው አያውቅበትም፤ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና ፈጠን ብሎ ያልፋል። መልስ የማይሰጥ ሰው ፊት መቆም ይጨንቃል መሰለኝ። ድሮ በሰው ተከቦ ብቻውን ነበር፤ አሁን የሚከበውም የለም። ሰኞ ከሰዓት አንዳንዴ የመኪናውን ክዳን ዘግቶ፣ እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ፣ ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥ አየዋለሁ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አለመደም። ሻይ አስቀምጥለታለሁ፤ እንዲጠጣውም አልጎተጉተውም።

ከዚያ ሐኪሟ እንደገና አየችው። እባጩ ሟሽሿል። ድምፁ ግን እንደ ድሮው አይሆንም አለችው። ያለው ይቆያል፣ ከቆጠበው። በቀን ጥቂት ብቻ ይናገር፣ እንደ ጨዋታ ዝግ ብሎ፤ ጉሮሮው ሲከብደው ማቆም አለበት። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሠፈር ደረሰ። እሁድ ፓስተሩ ቡራኬ ይሰጣሉ ተባለ። ከሄዱትም ድምፁን ሊሰሙ የመጡ ነበሩ።

መዝሙሩ ሲጀመር ፓስተሩ አልገባም። ብፈልገው ግቢያችን ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። ኋላ እንደነገረኝ፣ አብሮት የተማረ ወዳጅ አለው፤ በሌላ ከተማ የእኛን የመሰለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሚጠብቅ። ስሙን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ዝገት የበላው የበር ማጠፊያ ይመስላል። «አይ፣ ተቀይሜህ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። አይ... ሥራም አይደለም።» አዳመጠ። «ደህና አይደለሁም» አለ። «ደህና መሆን ካቆምኩ ቆየሁ።»

ወዲያ ማዶ ያለው ምን እንዳለው አላውቅም። ፓስተሩ እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ ሽቅብ ተሰቅሎ የሚኖረው ትከሻው ወረደ።

«አንተም?» አለ።

ሹፌሩ ከአዳራሹ ብቅ አለ። «ፓስተር፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ለቡራኬ ሁለት ቃል ብቻ...»

ፓስተሩ ጠብቀኝ እንደማለት እጁን አነሳለትና ጨዋታውን ቀጠለ። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ያለቻቸውን ድምፅ እኮ እዚህ እየጨረሷት ነው።»

«አዎ።»

«ለእኛ ምን ሊተርፈን ነው?»

«ለዛሬ ምንም» አልኩት።

አገጩን አሻሸ። አዳራሹን አየ፤ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ የተቀመጠውን ሰው አየ። ከዚያ ተመልሶ ገባና በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው። «ሌላ መዝሙር ጀምሩ» ሲላቸው ሰማሁ።