የስቴይንቨር ፀጉርና የሙቅ ገንዳው ጉባኤ

በክሌይቫቪክ ስለ ፀጉር አጥብቆ የሚያውቅ ሰው የፈለገ ራሰ በራዎቹ ዘንድ ይሂድ። ጠዋት ጠዋት መዋኛው ግቢ ውስጥ ባለው ሙቅ ገንዳ እስከ አንገታቸው ተዘፍዝፈው ያገኛቸዋል። ዝናብም ይምጣ በረዶ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ሆነው መንግሥት ያወርዳሉ፣ የዓሣ ዋጋ ይቆርጣሉ፣ የሰው ትዳር ያፈርሳሉ። መላው አይስላንድ የሚተዳደረው እንዲህ ነው፤ ፓርላማው ለወጉ ነው። ባለፈው ጸደይ ይኸው ጉባኤ መንግሥት ማውረድ ሰልችቶት የስቴይንቨርን የራስ ቆዳ አጀንዳ አደረገ።

ስቴይንቨርን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም፤ እኛን ሴቶቹን ደግሞ እሷ እንደተፈጠርን ታውቀናለች። የመዋኛው የሴቶች ሻወር ቤት ተቆጣጣሪ ናት። ልብስን ሁሉ አውልቆ በሳሙና ሳይታጠቡ ወደ ውሃው መውጣት በአገራችን ነውር ነው። ግድግዳው ላይ የሰው ሥዕል ተለጥፏል፤ የግድ መታጠብ ያለባቸው ቦታዎች ቀይ ተቀብተዋል፦ ራስ፣ ብብት፣ ጉያ፣ እግር። ስቴይንቨር ከሥዕሉ አጠገብ ክንዷን አጣምራ ትቆማለች። አንድ ጊዜ ከዋና ከተማ የመጣች የሚኒስትር ሚስት ራሷን ሳታረጥብ ልታልፍ ሞከረች።

"ራስ!" አለቻት ስቴይንቨር።

"ጠዋት ሆቴል ታጥቤ ነው የመጣሁት።"

"ሆቴሉ እዚህ አይዋኝም። ተመለሺ።"

ተመለሰች። መንግሥት በሙሉ የሚፈራውን ሰው ሻወር ቤት ውስጥ ራቁቱን ሲታዘዝ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

የስቴይንቨር ፀጉር ከወገቧ ያልፋል። ሃምሳዎቹን አጋምሳ እንኳ አልሳሳም፤ ቀለሙ እንደ ደረቅ ሣር ነው፣ ሲለቀቅ ትከሻዋን ሸፍኖ ይወርዳል። ሥሩ ግን ሌላ አገር ነው። ጠዋት ታጥባው ማታ አናቷ የዓሣ ዘይት የተቀባ ይመስላል። እናቷም እንደዚያ ነበረች። ስለዚህ ስቴይንቨር ከኮረዳነቷ ጀምሮ በየቀኑ፣ ሥራዋን ስትጨርስ፣ እዚያው ሻወር ሥር ትታጠባለች። ውሃው ከመሬት ፈልቶ ይመጣል፤ ትንሽ የገማ እንቁላል ይሸታል እንጂ አያልቅም። ታጥባ፣ አድርቃ፣ ጎንጉና ትሄዳለች። ይህን ያህል ዘመን አንድ ሰው አልተጎዳም፣ አንድ ፀጉር አልተበሳጨም።

ታዲያ ነገሩን ያበላሸው ሹመት ነው። በየዓመቱ በብሔራዊ በዓላችን አንዲት ሴት ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የወርቅ ቀበቶ ታጥቃ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ አደባባይ ላይ ቆማ ግጥም ትላለች። የተራራዋ እመቤት ትባላለች፤ ለዚያች ቀን አገሪቱ እሷ ናት። ግጥሙን የከተማችን ገጣሚ ነው የሚጽፈው፤ በየዓመቱ አዲስ ነው እያለ ያንኑ ያመጣል። እመቤቷን የሚመርጠው ኮሚቴ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሐኪም ልጅ፣ የባንክ ኃላፊ ልጅ ሲመርጥ ኖሯል። አሁን አሁን የሐኪም ልጆች ፀጉራቸውን ስለሚቆርጡ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይደረግላቸው ጀመር። አምና የባሕሩ ነፋስ ያንን ፀጉር በግጥሙ መካከል ከአገሪቱ ራስ ላይ ገፎ ወሰደው። አንዲት የባሕር ወፍ ወደቡ ጣሪያ ላይ ጎጆ ሠራችበት፤ ልጆቿንም በክብር አሳደገችበት። ከዚያ ወዲያ ኮሚቴው "የራሷ ፀጉር ያላት" ብሎ ወሰነ፤ የራሷ ፀጉር ያላት ስትፈለግ ደግሞ ስቴይንቨር ተገኘች።

የስቴይንቨር እናት ዕድሜዋን የፈጀችው ወደብ ላይ የሄሪንግ ዓሣ ስትዘረግፍ ነው። ስቴይንቨር በልጅነቷ በበዓሉ ቀን "እማዬ፣ አንቺ መቼ ነው እዚያ ላይ የምትወጪው?" ብላ ጠይቃት ነበር። እናቷም "እኛ ቆመን እናጨበጭባለን" አለቻት። ስቴይንቨር ይህንን ለማንም አላወራችም። ለእኔም የነገረችኝ ኦድኒ ናት፤ ኦድኒ ሰማንያን የተሻገረች፣ ከስቴይንቨር እናት ጋር በአንድ በርሜል ዓሣ የዘረገፈች፣ ኋላም ሻወር ቤቱን ይዛ ቆይታ ለስቴይንቨር ያወረሰች ሴት ናት። ስቴይንቨር ያንን ቀን ምን ያህል እንደፈለገችው ገባችሁ? እንግዲህ ያን የመሰለ ሰው ምክር ሲሰጡት እምቢ ማለት አይችልም።

ምክሩን የሰጠችው ስቫንሂልድ ናት፦ የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ጡረታ የወጣችው ግን ከትምህርት ቤቱ ብቻ ነው።

"አንቺ፣ አትቀየሚኝና" አለቻት ሙቅ ገንዳው ውስጥ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ "ማታ ማታ አናትሽ ያብለጨልጫል።"

"ወዛም ነው" አለች ስቴይንቨር። "ለዚህ እኮ ነው በየቀኑ የምታጠበው።"

"ተገላቢጦሽ ነዋ! በየቀኑ ስለምትታጠቢው ነው የሚወዛው። የራስ ቆዳ ማለት የተሞላቀቀ ልጅ ነው። ወዙን በጠረግሽለት ቁጥር ሌላ ያመርታል። ተይው። ያለቅሳል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይተኛል። ለበዓሉ ሐር ይሆንልሻል።"

"እኔን አይታችሁ ተማሩ" አለ ካፒቴን ኬቲል፣ የአናቱ ጠፍ ሜዳ በእንፋሎቱ መካከል እያበራ። "ሄሪንግ ከባሕራችን ከጠፋ ወዲህ ራሴን ሻምፖ አስነክቼው አላውቅም። እስቲ አንዲት ጠብታ ወዝ አለ?"

"ፀጉሩስ የት አለና!" አለች ኦድኒ።

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።"

ሐሳቡ በአንድ የኦድኒ ተቃውሞ አለፈ። ስቫንሂልድ ፀጉሯ እንደ ገለባ የደረቀ ነው፤ ሳምንት ባትታጠብ የሚያውቅባት የለም። ጠግቦ የሚያድር ሰው ስለ ጾም ጥቅም ሲሰብክ እንዲህ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይንገራት? ግማሻችንን ፊደል ያስቆጠረችን እሷ ናት።

ስቴይንቨር መታጠብ አቆመች። በመጀመሪያ አናቷ በላት። "ይህ የሽግግር ጊዜ ነው" አለች ስቫንሂልድ። ሽግግር የተባለ ነገር ማለቂያ እንደሌለው የምናውቅ ሰዎች ዝም አልን። ቀጥሎ ፀጉሯ ከሥሩ ተጣብቆ ጭንቅላቷ ያነሰ መሰለ። "እየተማረ ነው" አለች ስቫንሂልድ። ከዚያ ፎረፎሩ መጣ፤ "ይኸው፣ መርዙን እያወጣ ነው!" ወዙ አልቀነሰም። ወዙ ምን ቸገረው? ስቫንሂልድ ወዙን ይመጥጥልሻል ብላ፣ ፍል ውሃ ዳር ቀብረን የምንጋግረውን የጥቁር ዳቦ ዱቄት አስነሰነሰቻት። ስቴይንቨር ያንን ሁሉ በሱፍ ኮፍያ ሸፍና፣ በዚያ እንፋሎት መካከል ላቧን እያንጠፈጠፈች ሥዕሉ አጠገብ ትቆም ጀመር።

ሥራዋም አብሮ ተበላሸ። "ራስ!" ስትል ድምፅዋ እንደ ድሮው ግድግዳ አይመታም። አንድ ቀን አንዲት አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት ቀበጥ ፀጉሯን እንደቋጠረች ልታልፍ ስትል አስቆመቻት።

"ራስሽንስ?"

ልጅቷ ኮፍያዋን አየችና "ያንቺስ?" አለቻት።

ስቴይንቨር ከበሩ ገለል አለች። ልጅቷም አለፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግማሹ ሰው ሳይታጠብ ያልፍ ነበር፤ ሕግ አስከባሪ አንዴ ከተነቃበት አለቀለት።

በዓሉ ሲቃረብ ጫፉን ለማስተካከል ፀጉር ሠሪያችን ቲንና ዘንድ ሄደች። ቲንና ኮፍያውን ገና ስታወልቀው ጮኸች።

"በስመ አብ! ይኼ ሊጥ ነው?"

"ዱቄት ነው። ወዙን ይመጥጣል ተብሎ።"

"ይመጥጣል። ከዚያ ፍል ውሃው ዳር ብትቀመጪ ዳቦ ሆነሽ ትነሻለሽ። ስሚ፣ የራስ ቆዳ ውሻ አይደለም፣ አይሠለጥንም። ታጠብሽም አልታጠብሽም ወዙን ያወጣል፤ ያንቺ ተፈጥሮው ነው። ሲወዛ ታጠቢው። በየቀኑ ካለ በየቀኑ፤ አንድ ቀን መዝለል ከቻለም ይዝለል። ሻምፖውን ሥሩ ላይ በጣትሽ እሺው፣ በጥፍርሽ አይደለም፤ ርዝመቱን አረፋው እየወረደ ያጥብልሻል። ማለስለሻውን ጫፍ ጫፉን ብቻ ቀቢው፣ አናትሽ ዘንድ እንዳይደርስ። አለቀ! ለዚህ ጉባኤ ያስፈልጋል?"

"ስቫንሂልድ ግን አሁን ብትታጠቢው የታገሥሽው ሁሉ ከንቱ ይቀራል ትላለች።"

"የተሳሳተ አውቶቡስ የተሳፈረም እንደዚያው ነው የሚለው፤ ብዙ ስለተጓዝኩ አልወርድም።"

ስቴይንቨር ኮፍያዋን መልሳ አጠለቀች። ሞኝ መሆኗ ሳይገባት ቀርቶ አይመስለኝም። ሞኝነቷን አደባባይ ከምታወጣ ግን ተአምሩን መጠበቅ መረጠች።

በበዓሉ ጠዋት ተአምሩ አልመጣም። ነፋስ መጣ፤ ከሰሜን፣ ደረቅና ቀዝቃዛ። መዋኛው እስከ ረፋድ ክፍት ስለነበር ስቴይንቨር እንደ ወትሮዋ በሯ ላይ ቆመች፤ ነጩ ቀሚስ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። እኛም ገባን፣ አወለቅን፣ ታጠብን፤ ራሳችንን ሳይቀር። ከዚያ ኦድኒ ራቁቷን፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ከሻወሩ ሥር ቆመች። ሁላችንም ከኋላዋ ቆምን።

"ውጡ እንጂ" አለች ስቴይንቨር። "ምን ትጠብቃላችሁ?"

"አንወጣም" አለች ኦድኒ። "ያልታጠበ ሰው አለ።"

"ማነው?"

ኦድኒ ምርኩዟን አንስታ የሥዕሉን ቀይ ራስ መታ መታ አደረገችው።

ስቴይንቨር ፊቷ ቀላ። "አሁን ብታጠበው አይደርቅም" አለች። "ያንን ቀሚስ አርጥቤ፣ ውሃ የገባች ድመት መስዬ ልቁም? ሰው ሁሉ እያየኝ?"

"አሁንስ ምን መሰልሽ?"

ቀና ብላ አየችን። "እናቴ እዚያ ላይ ሳትቆም ነው የሞተችው" አለች ዝቅ አድርጋ፤ ለእኛ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

"አውቃለሁ" አለች ኦድኒ። "እሷም ሁልጊዜ ማታ ማታ ትታጠበው ነበር። የዓሣ ቅርፊት ፀጉሯ ላይ አድሮ አያውቅም። ነይ፣ አውልቂ።"

አወለቀች። መጀመሪያ የወረደው ውሃ፣ እውነቱን ልናገር፣ ገንፎ ነበር። ኦድኒ ሻምፖውን ሥር ሥሩን አሸች፤ አልበቃም፣ ደገመች። አብራን የገባችው ቲንና ጫፉን ይዛ ማለስለሻ ቀባች። ከኋላ ሌላ እጅ ተዘርግቶ አረፋውን ሲያወርድ ዞር ብል ስቫንሂልድ ናት።

"አንድ ሳምንት ብትታገሥ ኖሮ ይገባው ነበር" እያለች ታጥባለች።

"ዝም ብለሽ እጠቢ" አለቻት ኦድኒ።

ግድግዳው ላይ ባሉት ፀጉር ማድረቂያዎች መካከል አቆምናትና እያንዳንዳችን አንድ አንድ ዘለላ ይዘን ወዲያ ወዲህ እናራግብ ጀመር። ካፒቴን ኬቲል ከውጭ በሩን እየደበደበ "ማርሽ ባንዱ ያንኑ ዜማ ሦስተኛ ጊዜ ጀመረ! ምን እየሠራችሁ ነው?" ይላል።

"የሌለህን ነገር እያደረቅን ነው!" ብላ መለሰችለት ኦድኒ።

ቢሆንም አልደረቀም። እርጥቡን ይዛ ወጣች። ሕዝቡ አያት፤ ነጭ ቀሚስ፣ የወርቅ ቀበቶ፣ ጀርባዋ ላይ የተጣበቀ እርጥብ ፀጉር። ከኋላ በኩል የቀሚሱ ጀርባ በሙሉ ርሶ ነበር። ግጥሙን ጀመረች፤ ድምፅዋ ተሰለለ። ገጣሚው ደነገጠ፣ ምክንያቱም ስንኙ ድምፅ ካልተጨመረበት ምንም የለውም። በዚህ መካከል ያ አምና ፀጉር የሰረቀው ነፋስ ተነሣ። አንድ ዘለላ አነሣና አፏ ውስጥ ከተተባት። ስቴይንቨር ዘለላውን መንጭቃ አወጣች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ የቀረውን ግጥም በዚያ የሚኒስትር ሚስት በመለሰው ድምፅዋ ተናገረችው። ሻወር ቤቱ ትዝ ብሎን ሁላችንም ሳናውቀው ቀጥ ብለን ቆምን። ተራራና ባሕር የሚባሉት የገጣሚው አሮጌ ቃላት የታጠቡ ያህል አዲስ ሆኑ። ነፋሱም ፀጉሯን ከሥር ከሥሩ እየፈለቀቀ፣ እያደረቀ፣ በመጨረሻው ስንኝ ላይ አንስቶ እንደ ሸራ ዘረጋው። የራሷ ነውና አልሄደም።

አጨበጨብን። ኦድኒ ግን ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ እጇን አላነሳችም። ስቴይንቨር ስትወርድ መጥታ ፊቷ ቆመች።

"አላጨበጨብሽም" አለቻት።

"እኔና እናትሽ ለሰው ልጅ ስናጨበጭብ ነው የኖርነው፤ ለራስ ልጅ አይጨበጨብም" አለች ኦድኒ። "ነይ፣ ጎንበስ በይ።" ጎንበስ ስትልላት አናቷን አሸተተችው። "ሳሙና ነው። እናትሽ ብታይሽ ምን ትልሽ ነበር መሰለሽ? 'ምን ያንዘረፍፍሻል፣ ፀጉርሽን ሰብስቢ።'"

ስቴይንቨር እየሳቀች አለቀሰች፤ ወይም እያለቀሰች ሳቀች፤ ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ስላመጣው አልለየንም።

በማግስቱ ያለ ኮፍያ በሯ ላይ ነበረች። ያቺ ቀበጥ ልጅ ገና ከሩቅ አይታት ፀጉሯን ራሷ ፈታች። በኋላ ስቫንሂልድ መጣች፤ ገላዋን ታጥባ፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥማ፣ አይኗን ከሥዕሉ ላይ እንደማንሣት እያደረገች ልታልፍ ስትል ስቴይንቨር ክንዷን ዘረጋች።

"ያንቺ ደረቅ ነው" አለቻት። "በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ዛሬ በሻምፖ አታድርቂው፣ በውሃ ብቻ አለቅልቂው።" ከዚያም ክንዷን ሳታወርድ ጨመረች፦ "ግን አለቅልቂው።"

ስቫንሂልድ ፎጣዋን ፈታ ተመለሰች።